ሦስት ሽማግሌ በሁለት መቀመጫ

መኪና በጭንቅላቱ የመረጠ ወንድ እስከ ዛሬ አልተፈጠረም! አለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ስንገዛ "ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ ይገኛል" እንላለን... ውሸታችንን ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቆማ አይተናት፣ ልባችን ድንግጥ ብሎ፣ ምክንያቱን የፈለግነው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ሚስቶች ደግሞ ይህን ድሮ ነው ያወቃችሁት፤ ዝም የምትሉት ለክብራችን ብላችሁ ነው።

እኔም እንደ ወንድሞቼ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተደራረቡብኝ፤ መኪናና ሚስት። ሚስቲቱን እንኳ እኔ መረጥኩ አልልም፤ ሐያት ናት የመረጠችኝ። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰው እንዲጓተትባት አትፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስጋብዛት ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን አጥንቱን ሳህን ላይ አስቀመጠችና "በል እንግዲህ፣ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ።

"አባትሽ እሺ ይላሉ?"

"አባባ ሰውን የሚመዝነው በሁለት ነገር ነው። በሰላምታውና በአነዳዱ።"

ሰላምታዬ ደህና ነው። ወሎ ተወልዶ ሰላምታ የማያውቅ የለም፤ የከብቱን፣ የማሳውን፣ የጎረቤቱን ደህንነት ሳልጠይቅ አልለቅም። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አባቷ አያ ሙሄ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ፣ ድሮ አሰብ ድረስ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን የሠሩት ውጫሌ መግቢያ ላይ፣ ከመጨረሻው ኩርባ በላይ ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር ያወጡና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያዳምጣሉ። "ይሄ ማርሹን ዘግይቶ ቀየረ። ይሄ ፍሬኑ ላይ ተኝቷል። ይሄንን ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው?" እያሉ ይፈርዳሉ። ከዚህ በፊት የመጣውን አንድ ፈላጊ ሽማግሌዎቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ነው አሉ "አይሆንም" ያሉት። አስቡት እንግዲህ... የኔ ዕጣ የሚወሰነው በጆሮ ነው!

ወደ መኪናው ልምጣ። ጀማል የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ዓረብ አገር ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ሲመለስ ሁለት ስፖርት መኪና ይዞ መጣ። አንዷ ቀይ ናት፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሞተሯ የውሃ ፓምፕ የሚያህል። ሌላው ጥቁር ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ሲነሳ የግቢው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥለት። የድሮዋን መኪናዬን ሸጬ በእግሬ ስሄድ ሰንብቼ ነበርና፣ ግቢው ስገባ ሁለቱንም አየሁ፤ ልቤም ሁለት ጊዜ ድንግጥ አለ።

"ወላሂ መምህር፣ ጥቁሩ ጉልበት ነው" አለኝ ጀማል። "ቀይዋ ደግሞ አያያዝ ናት። መንገድ ላይ እንደ ሙጫ ነው የምትጣበቀው። የፈለጉትን ይምረጡ።"

ወሬው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለመዳረስ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀበትም። ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የጉልበት ወገን "ዳገት ላይ የሚያዋርድህን ምን ታደርገዋለህ?" ይላል። የአያያዝ ወገን "ኩርባ ላይ ገደል የሚከትህንስ?" ብሎ ይመልሳል። መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ስለ ፈረስ ጉልበት ሲሟገቱ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ፊዚክስ አዋቂ ነኝ ብዬ፣ ናፕኪን ላይ ክብደቱን ለጉልበቱ እያካፈልኩ እቀመጣለሁ። ናፕኪኑ ያለቀብኝ እኔ ነኝ፤ ውሳኔው ግን አልመጣም።

በመጨረሻ ሁለቱንም ልሞክራቸው ወሰንኩ። መጀመሪያ ጥቁሩን። ነዳጅ መስጫውን ነካ ሳደርገው ከተማዋ ከኋላዬ ጠፋች! ደስ አለኝ፣ ጮህኩ፣ "ይሄ ነው መኪና!" አልኩ... ከዚያ ኩርባው መጣ። መሪውን አዞርኩ። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ የመሄድ ሐሳብ ነበረው፤ ሐሳቡንም ፈጸመ። ሞተሩ ሲጠፋ ኮፈኑ የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ነበር። የክምሩ ባለቤት ቀስ ብለው መጡና በመስኮቱ አዩኝ።

"መምህር፣ ጭድ ፈልገው ነው?"

ቀይዋ ላይ ስወጣማ ሌላ ዓለም ነው። ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ አልዋሻችሁም። አንድ ሲኖትራክ አልፎኝ ሄዷል፤ አህያ የሚነዱ ሰውዬም ለጥቂት ነው ያላለፉኝ። ኩርባ ሲመጣ ግን... እኔ ገና ሳስበው እሷ ታጥፋዋለች! ክብደት የላትም፤ የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ በእጄ መዳፍ ነው የምትነግረኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አያ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ጉልበት ይጮኻል እንጂ የሹፌሩን እጅ አያሰማም። ስለዚህ ሽማግሌዎቼን በዚችው በቀይዋ ልወስድ ቆረጥኩ።

ጀማል ግን ጭንቅላቱን አከከ። "መምህር፣ ቀይዋ እኮ ሁለት መቀመጫ ናት። ሽማግሌ የሚያደርሱ ከሆነ ጥቁሩ ይሻላል፤ የኋላ መቀመጫ አለው። ለማንኛውም ሰኞ ማታ የመረጡትን ይንገሩኝ። ማክሰኞ ከደሴ ሌላ ፈላጊ ይመጣል።"

"አብሽር" አልኩት። "በተራ አመላልሳቸዋለሁ።"

አሁን አንባቢዬ፣ አንድ ነገር ላስታውስህ። የእኛን አገር ሽምግልና ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ከልጅቱ አባት ደጅ ሲደርስ ቁጭ በሉ ቢባል አይቀመጥም፣ ብሉ ቢባል አይበላም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ "እሺ" ሲባል ብቻ ይቀመጣል፣ ይበላል። ሦስቱም አንድ ላይ ነው የሚናገሩት፤ አንዱ ቀድሞ ጉዳዩን ቢያወጣ ነውር ነው። ልጅየው ራሱ ደግሞ በአካባቢው ድርሽ አይልም። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት፣ ይህ ሁሉ ሕግ ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ እንደሚደርሱ ገምቶ የተሠራ መሆኑን ነው።

ሽማግሌዎቼ እነዚህ ናቸው። አንደኛው የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሸህ ይማም፤ ለክብራቸው "ሸሆች" ነው የምንላቸው። ሁለተኛው የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩት የኔታ፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው መጥተው ሐይቅ ያደሩ የቅኔ መምህር። ሦስተኛው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ እንድሪስ። አጎቴ እንድሪስ... እንዴት ልበላችሁ፣ የሚኒባስ ሰዎች እሱን ሲያዩ "ሁለት ቦታ ነው!" የሚሉት ሰው ነው።

"ሚኒባስ ምን ሆነና?" አለኝ አጎቴ፣ ቀይዋን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ።

"ሽማግሌ በሚኒባስ?! ኧረ ነውር ነው!" አልኩት። ይህችን ቃሌን ያዙልኝ።

ማን ይቅደም? ፊዚክስ መልስ አለው። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩም አልደከመም፤ ስለዚህ ከባዱ ጭነት ይቅደም። አጎቴን በሁለት እጄ ገፍቼ አስገባሁትና በሩን በጉልበቴ ዘጋሁት። መኪናዋ በሱ በኩል ዘመም አለች። በያንዳንዱ ኩርባ "ያ ረቢ! አንተ ልጅ! ያ ረቢ! አንተ እብድ!" እያለ ውጫሌ መግቢያ ደረስን። ከአያ ሙሄ ቤት ሥር ያለው ጎሚስታ ጋ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥኩትና "እነሱን እስካመጣ ከዚህ እንዳትነቃነቅ፤ ጉዳዩን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" ብዬው ተመለስኩ።

ሐይቅ ደርሼ ሸህ ይማምን ሳሳፍር ሐያት ደወለች። ከጓዳ ነው፣ በሹክሹክታ።

"ከማል፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ቤታችን ገብተው እየበሉ ነው።"

"ምን ዓይነት ሰውዬ?"

"ወፍራም ናቸው። አባባ ጎማ ላይ ተቀምጠው አያቸውና 'እንግዳ በኔ ደጅ መንገድ ላይ አይቀመጥም' ብሎ አስገባቸው። ቅቅሉን ሁለቴ ጨመርንላቸው።"

"ጢማቸው በሂና የቀላ ነው?"

"አጥንት እየጋጡ ስለሆነ ጢማቸው አይታየኝም!"

ሽማግሌዬ ጉዳዩ ሳይነገር እየበላ ነው! ደግሞ ዕለቱን ተመልከቱልኝ። ሰኞ ነው። ሸህ ይማም ሰኞና ሐሙስን ይጾማሉ። የኔታ ደግሞ የነነዌ ጾም ገብቶባቸዋል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቢያስሯቸው እንኳ እህል አይቀምሱም... እኔ ግን በፊዚክስ ስሌት ቀድሜ ያደረስኩት የሚበላውን ነው!

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ጉዞ አልነበረም። ሸሆቹ በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን፣ በሌላው በሩን ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ስፈጥን ዱዓውም ይፈጥናል። ስንደርስ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ጎማው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘርግተው መሬቱን ነኩት። "ሸሆች፣ አያ ሙሄ ቢጠሩዎት..." ስላቸው "ጾመኛ ነኝ እላለሁ፤ አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ተመለስ" አሉኝ።

የኔታ ግን አስደነቁኝ። እኚያ ሲሄዱ መሬት እንኳ የማይሰማቸው ቀጫጫ ሰው፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ከማል ልጄ፣ ይህች ነገር ከዚህ በላይ አትሄድም?"

"ትሄዳለች የኔታ፣ ግን..."

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሰባ ዓመት በእግሬ ስዳክር ይህን ማን ነገረኝ!"

እሳቸው "ግፋ! ግፋ!" ይላሉ። እኔ ግን በዚህ በሦስተኛው ዙር መፍጠኑን ትቼዋለሁ። ሐያትን ያጣሁ መሰለኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከሷ በፊት ማንንም እንዲህ ፈልጌ አላውቅም፤ እና እሷን ለማጣት የበቃሁት መኪና ስመርጥ ወንበር ባለመቁጠሬ ነው። እንዲህ እያሰብኩ፣ ኩርባዎቹን ሁሉ ቀስ ብዬ፣ ሰው እንደሚያስተኛ አልጋ ለስለስ አድርጌ አለፍኳቸው። የኔታ እስኪያኮርፉ ድረስ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። ጎሚስታው ኋላ ተሸሽጌ፣ ሐያት ጓዳ ሆና ስልኳን ከፍታልኝ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሸህ ይማምና የኔታ በር ላይ ቆሙ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ አያ ሙሄ።

"ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ሸሆቹ።

በዚህ መሃል የወንበር መጎተት ይሰማኛል። ሐያት ኋላ እንደነገረችኝ፣ አጎቴ እንድሪስ ከገበታው ተነስቶ፣ አፉን እየጠረገ፣ ሄዶ ከሁለቱ አጠገብ ቆመ።

"እርስዎ ደግሞ የት ይሄዳሉ? እንግዳዬ አይደሉም እንዴ?"

"እኔም... ከነሱ ጋር ነኝ።"

ሐያት ስልኩ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"ሽማግሌ ሆነው ነው ቅቅሌን የጨረሱት?"

"ምን ላድርግ አያ ሙሄ! እርስዎ እኮ 'በሞቴ' አሉኝ። ሦስት ጊዜ! እምቢ ብል ነውር፣ እሺ ብል ነውር፣ ለምን መጣህ ሲሉኝ ብናገር ነውር! እኔ ምን ልሁን?"

ሸሆቹ ነገሩን ለማዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አያ ሙሄ፣ ይህ ሆኗል። ልጃችን ግን ጭምት ነው፣ የተረጋጋ ነው፣ አስተማሪ ነው..."

"ቆይ ሸሆች" አሉ አያ ሙሄ። "እኚህ ሰው ቅቅሉን ሲበሉ 'ምን ሆነው ነው የደነገጡ?' ብላቸው 'እዚህ ያመጣኝ ሰው እብድ ነው፤ እንደሱ ያለ እብድ በሕይወቴ አላየሁም' ብለውኛል። ያ እብድና ይህ ጭምት አንድ ሰው ናቸው?"

አለቀልኝ አልኩ። ስለ ልጁ መጥፎ የመሰከረ ሽማግሌ በወሎ ምድር ከአጎቴ በፊት ነበረ ይሆን? አጎቴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መሪ ሲይዝ ነው እንጂ፣ መሬት ላይ ሲሆንማ ጤነኛ ነው" አለ። በዚህም የረዳኝ መሰለው።

"ጥሩት" አሉ አያ ሙሄ።

ባለጉዳዩ በገዛ ሽምግልናው ላይ ሲጠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ፤ ባለጉዳዩ እኔ ነበርኩ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ሰላምታዬን እንኳ ግማሹን ረሳሁት፤ ከብቱን ሳልጠይቅ ማሳው ላይ ደረስኩ። አያ ሙሄ ቀይዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

"ሞተሯ ትንሽ ናት።"

"አዎ።"

"እኚያ ቅቅል የበሉት ሰውዬ ስለ ጥቁሩ መኪና ነግረውኛል። ለምን ጉልበት ያለውን አላመጣህም?"

"ቀይዋ ቀላል ናት። ኩርባ ላይ ታዛዥ ናት። እርስዎም... እንደሚሰሙኝ አውቅ ነበር።"

እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን።"

ገቡ፤ እኔም አጠገባቸው ገባሁ። ቁልቁለቱን ጀመርን። አንባቢዬ፣ እኚያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው መሪውን በሁለት ጣት ይዘው፣ ፍሬን ሳይነኩ፣ ኩርባውን በማርሽ ብቻ እየቆረጡ ሲወርዱ ብታይ! እኔ መኪናዋን ነድቻታለሁ እል ነበር፤ ለካ ተቀምጬባት ነው የኖርኩት። ፍየሎች መንገድ ሲያቋርጡ ከሩቅ አይተው ቆሙ። ሞተሩን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣህ?"

"ሦስት።"

"በመጀመሪያው ስሰማህ ጉረኛ ነህ አልኩ። በሁለተኛው እብድ ነህ አልኩ። በሦስተኛው ማርሽህ ተለወጠ። ምን ሆነህ ነው?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ፈራሁ" አልኳቸው። "ሐያትን የማጣ መሰለኝ። እሷን ካጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም።"

የመጨረሻዋ ፍየል ስታልፍ ሞተሩን አስነሱ።

"ደግ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነዳሁት ፈርቼ ነው። ቤት ውስጥ ይህቺ ልጅ ትጠብቀኝ ነበር።"

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል፤ አጎቴ ብቻ በሩን ተደግፏል። አያ ሙሄ በረንዳው ላይ ቆሙና "ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጡ! ጓዳ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"አንድ ነገር ግን አለኝ። መኪናዋን ትገዛታለህ። ጥቁሩን እንዳታስበው።"

እኔ ደስታዬን ምን ልንገራችሁ! ሰኞ ማታ ለጀማል ደወልኩና "ቀይዋ!" አልኩት። አያያዝ ጉልበትን አሸነፈ፣ ፊዚክስ ተከበረ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ወገኖቼ ጨፈሩ። አያ ሙሄ ለምን እንዲያ አጥብቀው እንዳዘዙኝ ግን ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ኒካሑ ታስሮ፣ ሠርጉ አልፎ፣ ወራት ተቆጠሩ። ያቺ የነውር ቅቅል ሁለት ሰዎችን አቆራኝታለች፤ አማቴንና አጎቴን። እሑድ እሑድ አያ ሙሄ "ልጄ፣ ያቺን መኪና እስቲ ሞተሯን ላሙቃት" ይሉኛል። አማት እምቢ አይባልም። እንድሪስን ከጎናቸው ይጭኑና ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊበሉ ይፈተለካሉ። ወንበሩ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ተይዟል። ለቀላልነቷ ብዬ የመረጥኳት መኪና በየሳምንቱ የምትሸከመው እንግዲህ አጎቴ እንድሪስን ነው። ስለዚህ መኪና ልትመርጥ የተነሳህ ወንድሜ፣ ጉልበቱንም አያያዙንም ተወውና መጀመሪያ ወንበሩን ቁጠር።

ባለፈው እሑድ እኔና ሐያት ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ለአራት ተጣበን ተቀምጠናል፤ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ አለ። ኩርባው ላይ አንዲት ቀይ ነገር ጣሪያዋን ከፍታ፣ ክላክስ እየነፋች፣ ውልብ ብላ አለፈችን። አንድ ወፍራም ክንድ በመስኮቱ ወጥቶ ሲያውለበልብልን አየሁ።

"ማሻአላህ! ይህች ሸጋ መኪና የማን ትሆን?" አሉ አጠገቤ የተቀመጡት የዶሮዋ ባለቤት።

"የኔ ናት" አልኩ።

ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ እንኳ ጥግ ይዞ ቆሞ ሳቀ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ግን ሐያት ናት።